ስማቸው በቀይ የተሰረዘ ከተሞች

ፈረንሳይ አገር የሞቱ ከተሞች አሉ ብዬ ለአሥራ አንድ ቀን ያህል አምኛለሁ። አሁን ሳስበው ያስቃል። በበዓል ቀን ሰው ሲሰበሰብ ልጆቼ «እስቲ የፈረንሳዩን አውራልን» እያሉ ያስለፈልፉኛል፤ እኔም አውርቼ አውርቼ ሁሉም በሳቅ ሲፈርስ መሐል ላይ አቆማለሁ። ቀሪውን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። እነሱ ባይጠይቁኝም ቀሪው እኔን አልተወኝም፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያን ጊዜ ነፋስ ስልክ ግማሹ ከተማ ግማሹ እርሻ ነበር። እሠራበት የነበረው የጭነት መኪና ጋራዥ ፊቱ የደብረ ዘይት መንገድ፣ ጀርባው የጤፍ ማሳ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት ካደግሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ድርጅቱ ከፈረንሳይ አዳዲስ መኪናዎች ገዛና፣ ሁለት ሰው ሄዶ አነዳዱንና ጥገናውን ተምሮ፣ መኪናዎቹን እስከ ወደብ አድርሶ በመርከብ ይዟቸው ይምጣ ተባለ። አንዱ እኔ ሆንኩ፤ ተማሪ ቤት ስለቆየሁ የፈረንጅ ፊደል መለየት እችላለሁ። ሁለተኛው ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም። ከቤታችን ሦስት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ የአባቴ ጓደኛና የጋራዡ አንጋፋ ሾፌር ናቸው። ቄስ ትምህርት ቤት ተምረው ድቁና ሊቀበሉ ሲሉ መኪና አዩና ልባቸው ሸፈተ። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተው በሽታውን ይናገራሉ። እጅ ጽሑፋቸው ደግሞ የብራና ጸሐፊ ጽሑፍ ነው፤ ለዚህም ነው የሰፈራችን እድር ከተቋቋመ ጀምሮ ጸሐፊው እሳቸው የሆኑት።

እድራችን በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባሕር ዛፎቹ ሥር ይሰበሰባል። ጋሼ ያንን ትልቅ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልጠው ስም ይጠራሉ። የተጠራው «አቤት» ይላል፤ ባልየው መንገድ ላይ ከሆነ ሚስት «አለ» ብላ ትመልሳለች። ከአባላቱ አንዱ ሲሞት፣ ከቀብር በተመለስን ማግሥት ጋሼ ማስመሪያና ቀይ ቀለም ያወጣሉ። ከስሙ ግርጌ ከግራ ተነሥተው ወደ ላይ እስከ ቀኝ ጥግ ድረስ አንዲት ቀይ መስመር ያሰምራሉ። ከዚያ «ነፍስ ይማር» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። ልጅ ሆኜ ያቺን መስመር ከሬሳው የበለጠ እፈራት ነበር። ሬሳው ይቀበራል፤ መስመሯ ግን እዚያው መዝገቡ ላይ ቁጭ እንዳለች ትኖራለች።

አባቴ በጅማ መንገድ ወጥቶ የቀረው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከጅማ ወዲያ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች አፈር የሚያመላልስ ሾፌር ይፈልጋሉ ተባለና ሄደ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለን። ፋሲካ ሰባት ጊዜ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። ሰው «እንግዲህ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ድንገት ሥራ ያለባት ይመስል ብድግ ትላለች። ለእድሩ ስም ጥሪ ግን ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። የአባቴ ስም ሲጠራ «አለ!» ትላለች። ጮክ ብላ ነው የምትለው፤ ከማሳው ማዶ ይሰማል። ያን ጊዜ ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። አፍርባት ነበር፤ እውነቱን መጻፍ ካለብኝ አፍርባት ነበር።

እንግዲህ እኔና ጋሼ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ማርሴይ ደረስን። ከዚያ ደግሞ በባቡር ወደ ውስጥ፣ መኪናው ወደሚሠራበት ከተማ ወሰዱን። ሁለት ወር ተማርን። አስተማሪያችን በእጅ ምልክት የሚያስተምር ደግ ሰው ነበር፤ እኛ የሱን ቋንቋ አንችል፣ እሱ የእኛን። ጋሼ ጣሊያንኛ እችላለሁ ይላሉ እንጂ የሚያውቁት የመፍቻና የብሎን ስም ነው።

ችግሩ የመጣው ከፋብሪካው ግቢ ወጥተን መንገድ ላይ ስንለማመድ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ያን ጊዜ አገራችን የሚነዳው በግራ ነበር፤ እነሱ ጋ በቀኝ ነው። ሁለተኛ፣ በየመንገዳቸው ዳር የተተከለው የምልክት ብዛት! በእኛ መንገድ እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ሦስት ወይ አራት ብረት ቢቆም ነው፤ እሱንም ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ አጣመውታል። እነሱ ጋ በየእርምጃው ክብ፣ በየእርምጃው ሦስት ማዕዘን። ጋሼ ግን ምን ገዷቸው። ሁሉንም ይተረጉሙታል።

ሦስት ማዕዘን ውስጥ ላም የተሳለችበት ምልክት አየን። «ገበያ አለ ማለት ነው» አሉኝ። «የከብት ገበያ። ቀስ በል፣ የፈረንጅ በሬ ምን እንደሚመስል እንይ።» ቀስ አልኩ። ኋላችን የመኪና ሰልፍ ተሠራ። ገበያም የለ፣ በሬም የለ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ሌላ ላም ቆማ ጠበቀችን። ጋሼ «ዛሬ ቀኑ አይደለም መሰለኝ» አሉና መንገዳችንን ቀጠልን።

ሌላ ቀን ደግሞ ክብ ውስጥ ጥሩምባ የተሳለበት አገኘን። ይሄ ለእኔም ግልጽ ነበር። እኛ አገር ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ከፊት ለሚመጣው ጥሩምባ መንፋት የሾፌር ግዴታ ነው። «ንፋ እያለህ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ ጋሼ። ነፋሁ። አዲስ መኪና ነው፣ ጥሩምባው የመርከብ ነው የሚመስለው። «ድገመው፤ በደንብ ይስሙን» አሉ። ደገምኩት። ከመንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ውስጥ ነጭ የለበሱ መነኩሲት እጃቸውን እያወናጨፉ ሮጠው ወጡ። በየመስኮቱ በሽተኞች ብቅ ብቅ አሉ። ለካ ሆስፒታል ኖሯል፤ ለካ አትንፋ ነው የሚለው። ጋሼ መነኩሲት ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመኪናው ወረዱና እጅ ነሡ። መነኩሲቷ ጭራሽ ግራ ተጋቡ። አስተማሪያችን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይስቅ ይሁን ያለቅስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጆቼ የሚወዱት እስከዚህ ያለውን ነው። የከተሞቹ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ፈረንሳዮቹ ከተማ ስትገባ ስሟን በነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያቆሙልሃል። ስትወጣም እንደገና ስሟን ታገኘዋለህ፤ በመውጫው ላይ ያለው ግን በቀይ ተሰርዟል። ከግርጌ ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ እስከ ቀኝ ጥግ፣ አንድ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር።

መጀመሪያ ያዩት ጋሼ ናቸው። እኔ ስነዳ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።  ዞር ስል ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩላቸው። «ነፍስ ይማር» አሉ።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«አታይም እንዴ? ሰርዘዋታል። ጦርነቱ ነው። አገሩ ሁሉ በቦምብ ያለቀ መሆኑን አልሰማህም? እነዚህ ሰዎች መዝገብ አያያዝ ያውቃሉ። በመግቢያው ስሟን ይነግሩሃል፣ በመውጫው ዕጣዋን ይነግሩሃል።»

ልስቅ አልኩና መስመሩን አስታወስኩት። ግርጌው፣ ጥጉ፣ ቀለሙ ሁሉ የእሳቸው ነው። የማውቀው መስመር ነው። 

ከዚያ ወዲያ በየመውጫው እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ነፍስ ይማር ይላሉ። አንዳንድ ትንንሽ መንደር መውጫው ላይ ምንም ሰሌዳ ሳይኖረው ያልፋል። ያን ጊዜ ጋሼ ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው «ይቺ አለች!» ይላሉ። እኔም ደስ ይለኛል። ጅልነቴን አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ግን አፈር ልሁን፣ ከልቤ ነበር ደስ የሚለኝ።

ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ወደ ማርሴይ የመጨረሻውን ጉዞ በጀመርን ቀን ነው። አንድ ፈረንሳዊ ሾፌር ከፊት ይመራል፤ እኔና ጋሼ ከኋላው በአንድ መኪና እየተፈራረቅን እንነዳለን። ልክ በቀትር አንዲት ከተማ ገባን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው የለም። የሁሉም ቤት መስኮት በእንጨት መዝጊያ ተከርችሟል። ሱቁ ዝግ፣ አደባባዩ ባዶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ዝግ። አንድ ውሻ ብቻ ጥላ ሥር ተኝቶ ቀና ብሎ አየንና መልሶ ጋደም አለ። የሞተራችን ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ይመለስልናል። ፈረንጆቹ በምሳ ሰዓት ዘጋግተው እንደሚበሉና እንደሚተኙ የነገረን አልነበረም። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀስ ብለህ እለፍ» አሉኝ።  መውጫው ላይ ስሟ በቀይ ተሰርዞ አገኘነው። ሁለታችንም አማተብን።

በማግሥቱ ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። ያለፍንባት ከተማ ስሟ ተሰርዟል፤ ሴቶች ግን ልብስ ያሰጣሉ፣ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ሽታ ይወጣል፣ ልጆች በብስክሌት ይሯሯጣሉ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ሰው አለባት እኮ» አልኩ። «ከሞተች እነዚህ ምን ይሠራሉ?»

ጋሼ በመዝገብ ነገር ማንም እንዲከራከራቸው አይወዱም። ቆጣ አሉና በአንድ ትንፋሽ፦

«ስም መሰረዝ ሌላ፣ ሰው ማወቁ ሌላ! መዝገብ ያወቀውን ቤተሰብ ሳያውቅ ስንት ዘመን ይኖራል። ይኸው የአባትህን ስም ከሰረዝኩ ሦስት ዓመቴ፤ እናትህ ዛሬም ‹አለ› አይደል የምትለው?» አሉኝ።

ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

እኔ የሰማሁት ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ የሰማሁት የሚጮህ የመኪና ጥሩምባ ነው። እጄ ሳላዘው መኪናውን ወደ ግራ፣ ወደ አገሬ በኩል ወስዶት ነበር። ከፊታችን አንዲት ትንሽ መኪና እየመጣች ነው። ጋሼ መሪውን ይዘው ጎተቱት፤ ከመንገዱ ወጥተን ወይን የተተከለበት ማሳ ጥግ ላይ ቆምን። ሞተሩን አጠፋሁ።

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ከኋላ ይቆማል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ በዙሪያው ይኖራል። ለእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው አገር፣ የሞተር ዘይት በነካው እጄ መሪ እንደያዝኩ፣ በመንገድ ምልክት ክርክር መሐል ተነገረኝ። ጋሼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከመኪናው ወርደው መሬት ላይ ቁጭ አሉና አፈር አንሥተው ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

«አፌ ይቆረጥ» አሉ። «አፌ ይቆረጥ፣ ልጄ።»

«የት ነው?» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ነገሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በቦንጋ መንገድ የሚሠራ አንድ ሾፌር ጋራዡ ድረስ መጥቶ ነበር። አባቴ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ፣ ሠራተኞቹ ከሰፈሩበት ቦታ፣ በሄደ በመጀመሪያው ዓመት በወባ ሞቷል። የቀበረው ያ ሾፌር ራሱ ነው። አባቴ ትኩሳቱ ሲጸናበት የሚለው «ነፋስ ስልክ፣ ነፋስ ስልክ» ብቻ ስለነበር፣ ሰውየው አዲስ አበባ በመጣ ቁጥር እያጠያየቀ ቤተሰቡን ሲፈልግ ኖሯል።

«ያን ሰሞን እናትህ ተስቦ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች» አሉ ጋሼ። «ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዳነች በኋላ ሽማግሌ ላሰባስብ ስል የወሩ ስብሰባ ደረሰ። ስሙን ዘለልኩት። ተነሥታ ‹የእኔን ቤት ረሱት እኮ› አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ጠራሁት። ‹አለ› አለች። ከዚያ በኋላ አቃተኝ። መዝገብ ላይ መዋሸት ስለማልችል በዚያው ቀን ማታ ሰረዝኩት፤ በአፌ ግን እስከ ዛሬ እጠራዋለሁ። በየወሩ ሙት እጠራለሁ፣ ልጄ። በየወሩም ይመልስልኛል።»

መምታት አማረኝ። ሽማግሌ ሰው መምታት አማረኝ። ከፊት ሲመራን የነበረው ፈረንሳዊ መኪናውን አዙሮ መጣና መኪናችን የተበላሸች መስሎት የሞተሩን ክዳን ከፈተው። ምንም አላገኘም። እኔ እንባ አልመጣልኝም።  መሪውን ለጋሼ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ማርሴይ ያሉት መንገዶች እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣሉ። በየመውጫው የማየው የከተማ ስም አልነበረም። የአባቴ ስም ነው፤ በጋሼ እጅ፣ በዚያ በሚያምረው ፊደል ተጽፎ፣ በላዩ ላይ ቀዩ መስመር። ዓይኔን ብጨፍንም አየዋለሁ። መኪናው ውስጥ በመካከላችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አባቴ ተቀምጦ ከእኛ ጋር የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ክርኔን ሰብሰብ አድርጌ ነበር የምቀመጠው፣ እንዳልነካው። ጋሼም ያስተዋሉኝ ይመስለኛል፤ እሳቸውም ወደ በሩ ጠጋ ብለው ነበር የሚነዱት። ነፍስ ይማር ማለታቸውን ግን ትተዋል።

ወደቡ ላይ መኪናዎቹ እስኪጫኑ አራት ቀን ጠበቅን። እዚያ አንድ የድሬዳዋ ልጅ የሆነ መርከበኛ አገኘን፤ አማርኛም ፈረንሳይኛም እንደ ውኃ ይጠጣል። ጋሼን ስላኮረፍኳቸው የማወራው ሰው ባገኝ ብዬ የተሰረዙትን ከተሞች ነገር ጠየቅሁት። ሰውየው ሆዱን ይዞ ገመድ ጥቅል ላይ ወደቀ። ሳቁ አልበርድ አለው።

«ወጣህ ማለት እኮ ነው!» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «ከከተማዋ ወጣህ፣ አሁን መፍጠን ትችላለህ ነው የሚልህ። ከተማዋማ አለች፤ ምን ትሆናለች!»

አለች። ሮጥኩ። ጋሼ ወደቡ ጫፍ ላይ ባሕሩን እያዩ ተቀምጠው ነበር። ከአሥር ቀን በላይ ስንሳሳት የኖርነውን ነገርኳቸው፤ ቃላቱ እየተደናቀፉብኝ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ። ለምን እንደዚያ እንደጓጓሁ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ስጨርስ ነው የገባኝ።

«ስለዚህ ጋሼ፣ ምናልባት ያም ሾፌር… ምናልባት እሱም ተሳስቶ…» አልኩ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«የተሳሳትኩት በሰሌዳው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «በአባትህ አልተሳሳትኩም። ሰውየው ቀበቶውንና ያችን የአንገቱን መስቀል አምጥቶልኛል። ቤቴ አሉ።»

በመርከቡ ላይ አልተነጋገርንም። ለምግብ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነበር። ጅቡቲ ስንቃረብ ግን አጠገቤ መጥተው ቆሙና አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ለእናቴ ብቻዬን እንዳልነግራት። «አንተ ላይ የሠራሁትን በእሷ ላይ አትሥራ» አሉኝ። ቃል ሰጠኋቸው። በዚያ ቃል ምን ያህል እንደምሠቃይ አላወቅሁም።

አዲስ አበባ የደረስነው ቅዳሜ ነው። እናቴ ደስታዋ ወሰን አጣ። ጎረቤት ጠራች፤ ፈረንሳይን አውራ አለችኝ። የላሟን ነገር አወራሁ። የመነኩሲቷን አወራሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ከስንት ዓመት በኋላ እንደዚያ ስትስቅ ማየቴ ነበር። «ከዚያስ? ከዚያስ?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው የከተሞቹ ነው። «በቃ፣ ሌላ የለም» አልኩና ደከመኝ ብዬ ተኛሁ። መሐል ላይ ማቆም የለመድኩት ያን ቀን ነው።

እሑዱ የወሩ መጀመሪያ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰብን። ጋሼ መዝገቡን ገለጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ፤ ከትከሻቸው በላይ አየሁት። አለ፤ ስሙም አለ፣ መስመሩም አለ። ቀለሙ ደርቆ ጠቆር ብሏል። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ቢሆንም ጠሩት።

«አለ!» አለች እናቴ።

ጆሮዬ ላይ እስከ አሁን አለ። ያን ቀን ጫማዬን አላየሁም፤ እሷን አየኋት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰውን ሁሉ በዓይኗ እየተቆጣች፣ ያችን አንዲት ቃል በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እንደ ምስክር ቆማ ስትናገር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያፈርኩት በራሴ መሆን ነበረበት።

ከስብሰባው በኋላ ጋሼ የእድሩን ዳኛና ሽማግሌዎቹን ለብቻ ይዘው ሁሉንም ተናዘዙ። ተቆጧቸው፤ ጸሐፊነቱንም አነሡባቸው። ማግሥቱን ማለዳ መርዶው እንዲነገር ተቆረጠ። እኔን «አንተ ከውስጥ ከእናትህ ጋር ሁን፤ እንደማታውቅ ሁን» አሉኝ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው፤ ልጅ ከእናቱ ጋር ሆኖ ይሰማል፣ ከእናቱ ጋር ይጮኻል። ሞከርኩ። ጎህ ሲቀድ ግን እናቴ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ ስትል ከጀርባዋ አየሁና አልቻልኩም። ሰምቼ የቆየሁትን ነገር አሁን እንደ ሰማሁ ሆኜ አጠገቧ መጮኽ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ በጓሮ ወጥቼ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ።

ሲነጋጋ ደጃፋችን ላይ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ጋሼ ከሁሉም ኋላ፣ አጥሩን ተደግፈው። ዳኛው በሩን አንኳኩ።

እናቴ ከፈተች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ዳኛው «እንግዲህ…» ብለው ጀመሩ። እሷ ግን አልሰማቻቸውም። በመካከላቸው እኔን አይታኛለች።

«አንተ ከውጭ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፈረንሳይ።»

እጇን በሩ ላይ አደረገች። ከዚያ የጠየቀችኝን ማንም እናት ልጇን ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ያለ እኔ አለቀስክለት?»

 የወይኑ ማሳ ዳር ያልመጣልኝ እንባ፣ መርከብ ላይ ያልመጣልኝ፣ ለምን እንዳልመጣልኝ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላውቅም ነበር።

«አላለቀስኩም፣ እማዬ» አልኳት። «አንቺን ስጠብቅ ነው።»

ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ። ጩኸቷን የለቀቀችው እኔ ደፉን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።